የኮሪደሩ ኮምፒውተርና የእህቴ ባል

የእህቴ ባል በመሥሪያ ቤቱ የሚጠራው «ይቻላል» ተብሎ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከደመወዝ መክፈያው ወረቀት በቀር የሚጠቀምበት የለም። ቅጽል ስሙን ያገኘው ማንም ምን ቢጠይቀው መልሱ አንድ ስለሆነ ነው። ፕሪንተሩ ወረቀት ዋጠ ሲሉት ይቻላል፣ የልጄን ስልክ ጠግንልኝ ሲሉት ይቻላል፣ ቅዳሜ ግባ ሲሉት ይቻላል። አንድ ጊዜ ዘበኛው የጥርስ ሕመሙን ሲያዋየው «እስቲ ልየው፣ ይቻላል» ብሎ አፉን ሊያስከፍተው ነበር ይባላል። እኔ ይህን አላምንም፤ አያደርገውም ብዬ ግን አልምልም።

እኔ የሚስቱ ታናሽ እህት ነኝ፤ ልብስ ሰፊ። የስፌት መኪናዬ እነሱ ሳሎን ጥግ ላይ ከተቀመጠ አራት ዓመት ሆነው። እህቴ ነርስ ናት። ሰው በመኪና ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ከሚደርስበት ጤና ጣቢያ ሲመድቧት «ለስድስት ወር ብቻ ነው» አሏት። ልጇ ሚጢ ያን ጊዜ ሦስት ዓመቷ ነበር። እኔም ስድስት ወር ምን አላት ብዬ መኪናዬን አስጭኜ መጣሁ። ከጓደኛዬ ጋር ልንከፍተው የነበረውን የስፌት ቤት እሷ ብቻዋን ከፈተችው፣ እኔ ሚጢን ትምህርት ቤት ሳደርስና ስመልስ አራት ዓመት ነጎደ። እህቴ በዓመት ሁለት ጊዜ ትመጣለች። ሚጢ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እናቷን ታፍራታለች፣ በሦስተኛው ስትለምዳት እናትዬው ሻንጣዋን ታነሳለች።

ሰው ሲሰማ የሚስቀው ቀጥሎ ያለው ላይ ነው። ባሏ የሚሠራው የሠራተኞች ዝውውር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ሚስቱ ወደዚህ እንድትዛወር ያመለከተችበት ቅጽ ያለው እሱ በየጠዋቱ አቧራውን በሚጠርገው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። «አንድ ቃል ተናገርላት እንጂ» ስለው «ተራ አለ» ይለኛል። ለአገሩ ሁሉ ይቻላል የሚል ሰው የራሱ ጉዳይ ሲመጣ ምላሱ ይታሰራል። የምነግራችሁን ግማሹን የሰማሁት ከእሱ ነው። ሌላውን ያወራችልኝ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ ቀሚሷን የምሰፋላት እኔ ነኝ፣ ልኬት ስትሰጥ ደግሞ ዝም ብላ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የገቡ ሰሞን ነው። ኃላፊው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በየክፍሉ ሲዞሩ መዝገብ ቤት ደረሱና የሴትዮዋን ስክሪን እያዩ ቆሙ።

«ይሄ እኔ ቢሮ ካለው ጋር አንድ ነው» አሉ።

«አዎ፣ አብረው ነው የተገዙት» አለ የእህቴ ባል።

«ዕቃውን አይደለም የምልህ። ሲጫኑት የሚወርደው ዝርዝር፣ ሜኑ የምትሉት። እሷም አሥራ ሁለት፣ እኔም አሥራ ሁለት። እዚህ ቤት እርከን የሚባል ነገር የለም?»

በሳምንቱ አምስት አባላት ያሉት የሜኑ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሳምንት ተሰብስቦ መመሪያ አወጣ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ አካውንት ይከፈትለታል፣ ሲገባ የሚወርድለት ሜኑም በእርከኑ ልክ ይሆናል። ለኃላፊው ሠላሳ አንድ ምርጫ፣ ለምክትላቸው ሃያ አራት፣ ለባለሙያዎች ዘጠኝ፣ ለመዝገብ ቤት አራት። ብዙ ያከራከረው የማይፈለግ ጽሑፍ የሚጣልበት የስክሪኑ የቆሻሻ ቅርጫት ነበር። ኃላፊ የሆነ ሰው ቅርጫት ፊቱ ተቀምጦለት መሥራት ክብሩን አይነካም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሳ። በድምፅ ብልጫ ቅርጫቱ ከኃላፊው ተነሥቶ ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ተሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊው የጻፉትን ነገር መጣል አይችሉም። የተሳሳተ ደብዳቤያቸው ሁሉ እስከ ዛሬ ስክሪናቸው ላይ ተደርድሮ አለ።

ችግሩ ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ፕሮግራም ከነካልኩሌተሩ አሥራ ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። ሠላሳ አንድ ከየት ይምጣ? ሌላ ሰው ቢሆን «የለም» ብሎ ይገላገል ነበር። የእኛው ሰው ይቻላል አለ። ያለውን በሁለት ስም እየጠራ ደገመ፣ አልሞላ ሲለው ምንም የማይከፍቱ ምልክቶች ሠራ። «ክትትል» አለ፣ «ቅንጅት» አለ፣ «ራዕይ» አለ። ኃላፊው ከሁሉ አብልጠው የወደዱት «ስትራቴጂ» የሚለውን ነው። ሲጫኑት ትንሽ ክብ ነገር እየዞረ ይቆይና ይጠፋል። «እየሠራ ነው» እያሉ ጠዋት ጠዋት አንዴ ይጫኑታል። ምክትላቸው ይህን ሲሰሙ ራዕይ ለምን ቀረብኝ ብለው በጽሑፍ ቅሬታ አቀረቡ፤ «የራዕይ ረቂቅ» የሚል ተጨመረላቸውና ረኩ።

የእህቴ ባል ይህንን ሲሠራ ቤት እያመጣ በሚጢ ደብተር ጀርባ ላይ ይነድፍ ነበር። እኔ ከመኪናዬ ቀና ብዬ «ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» ስለው ደስ የሚል ፈገግታ አለው፣ እሱን ያሳየኛል። ለምን ደስ እንዳለው እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ሰውዬው ሰው ሲደሰት ማየት ይወዳል፣ ሰው ሲደሰት ከማየት ሌላ ከሥራው ያተረፈው ነገር የለም። ሰው ከማስከፋት ቢሞት ይሻለዋል፤ የሚያስከፋው እኔንና እህቴን ብቻ ነው።

በመጨረሻ የራሱ ተራ ደረሰ። በመመሪያው መሠረት የእሱ እርከን ስድስት ምርጫ ነው የሚያስገኘው። ኮምፒውተር ለመጠገን የሚያስፈልገው ነገር ስድስቱ ውስጥ የለም። በገዛ እጁ ከራሱ ላይ ነቀለው። ደግሞም ኃላፊው ሁሉን የሚከፍተው ዋናው የይለፍ ቃል በዝቅተኛ እርከን እጅ መቆየት የለበትም ብለው ወሰዱት። አዲስ ቃል ብቻቸውን ተቀምጠው አወጡ፣ በፖስታ አሸጉ፣ ማኅተም አስመቱበትና ካዝና ውስጥ አስገቡት። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ እንደምትለው ፖስታው ውስጥ ባዶ ወረቀት ነው ያለው፣ ቃሉን ያን ዕለቱኑ ረስተውታል። ማንም ሲጠይቃቸው «በመመሪያ ይታያል» ነው መልሳቸው። እንግዲህ ያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ አለው፣ ባለሙያው ግን ኮምፒውተር መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው የሚችለው።

የቀረው የኮሪደሩ ኮምፒውተር ነበር። ይህ ለባለጉዳዮች የተገዛ ነው፤ ስም ስለሌላቸው የይለፍ ቃሉ ከመወሰዱ በፊት የእንግዳ አካውንት ተከፍቶለት ነበር። ለእንግዳ የተፈቀደው ሁለት ምርጫ ነው፤ «ጻፍ» እና «አትም»። ከሥር «ውጣ» የሚል አለ። እንግዳ ዕቃውን ጥሎ መሄድ የለበትም ተብሎ ስለተወሰነ «ውጣ» ሲጫን በዚያ አካውንት የተጻፈው ሁሉ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ፍላሽም አይቀበልም፣ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም ተብሎ።

አሁን የሆነውን ስሙ። ኃላፊው በእጃቸው ያረቀቁትን አንድ ደብዳቤ ማተም ፈለጉ። ሜኑአቸው ረጅም ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሃያ ያህሉ ነው፣ «አትም» ሃያ ሰባተኛ ላይ ናት። ፈልገው አጧት። ማተም ከእርከናቸው በታች የሆነ ሥራ ነው ብለው ደመደሙና ደብዳቤውን ወደ ምክትላቸው መሩት። ምክትላቸው ከሁለት «ቅንጅት»ና ከአንድ «የራዕይ ረቂቅ» ጋር ሲታገሉ ቆዩና ወደ ባለሙያዎች መሩት። ባለሙያዎቹ ዘጠኝ ምርጫ እያላቸው ከዘጠኙ አራቱ ምንም አይከፍቱም፣ በቀሩት አምስቱም ውስጥ «አትም» የለችም። መዝገብ ቤት ወረደ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደግሞ ከቅርጫት፣ ከካልኩሌተር፣ ከሰዓትና ከቀን መቁጠሪያ በቀር የላትም። ደብዳቤውን ይዛ ኮሪደር ወጣች፣ እንግዳው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ አለች፣ ጻፍ፣ አትም፣ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ወሬው በአንድ ቀን ቤቱን ዞረ። በማግስቱ ባለሙያዎቹ ኮሪደር ላይ ተሰለፉ። በሳምንቱ ምክትሉ «ለሙከራ ነው» እያሉ ወንበር አስመጡ። በወሩ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በሙሉ፣ ሪፖርቱ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የዝውውር ቅጾቹ ሳይቀሩ፣ እዚያች አንዲት የእንግዳ አካውንት ውስጥ ገባ። ማንም «ውጣ»ን እንዳይነካ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወረቀት ጽፋ ለጠፈች። መብራት ቢጠፋ ተብሎ የባትሪ ሳጥን ሁለት ተደረበለት። ዘበኛው ከበር ተነሥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ባለጉዳይ መጥቶ ልጻፍ ሲል ዘበኛው «ይሄ የእንግዳ ነው፣ አንተ ባለጉዳይ ነህ» ይለዋል። ባለጉዳዮቹ ግድግዳ ተደግፈው በእስክሪቢቶ ይጽፋሉ፣ የጻፉትን ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ታስገባላቸዋለች። እንደዚህ ሰባት ወር አለፈ። ኮምፒውተሩ አንድም ቀን አልተዘጋም።

ከዚያ ውስጥ ስድሳ ሦስት የዝውውር ቅጾች ነበሩ። የባለሙያ አስተያየት ተጽፎባቸው አልቀዋል፣ የቀራቸው መታተምና የኃላፊው ፊርማ ነው። ዝርዝሩ ሲዘጋ በአንድ ቀን ይታተማል ስለተባለ ይጠባበቃሉ። በማመልከቻ ቀን ቅደም ተከተል ነው የተደረደሩት። የእህቴ ሃምሳ ስምንተኛ ነው። ይህን ቁጥር እኔም ሚጢም በቃላችን እናውቀዋለን፣ ሚጢ ትምህርት ቤት ውስጥ ወደ መቶ ስትቆጥር ሃምሳ ስምንት ላይ ቆም ትላለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው የእህቴን ባል አስጠሩት።

«ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ» አሉት። «የእንግዳው ኮምፒውተር ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ንጹሕ ይሁን። እንግዳ አካውንት ላይ የመሥሪያ ቤቱን ገመና ሁሉ ተከምሮ ካዩ እኔ ምን እመልሳለሁ?»

«ከተዘጋ ሁሉም ይጠፋል።»

«ወደየክፍሉ አዛውሩት።»

«ፍላሽ አይቀበልም። የይለፍ ቃሉን ቢሰጡኝ በአንድ ሰዓት አወጣው ነበር።»

ኃላፊው ካዝናውን አዩት። መስኮቱንም አዩት። «እሱ በመመሪያ ይታያል» አሉ። «በሌላ መንገድ ግን ይቻላል፣ አይደል?»

«ይቻላል» አለ የእህቴ ባል።

የሚቻለው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፣ ማተም። ሰዓቱ አራት ነው። ፕሪንተሩ ሽማግሌ ነው፣ አንዷን ገጽ ለማውጣት እያማጠ ነው። ቀለሙ ጋን ውስጥ የቀረ አተላ ያህል ነው፤ ሌላ ቢፈልጉ በግዥ ኮሚቴ ሁለት ወር ይፈጃል፣ ከተማው ውስጥ ያሉ ሱቆች ደግሞ ያን ዓይነት አይዙም። ሁሉም የየራሱን ሊያሳትም መጣ። የእህቴ ባል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «መጀመሪያ የዝውውሮቹ» አለ። አለ ብቻ ነው እንጂ ምክትሉ «ሁለት ገጽ ናት» ሲሉት አተመላቸው፣ ስታቲስቲክስ ክፍሉ «ይቺን ብቻ» ሲል አተመለት።

ከዚያ ኃላፊው ራሳቸው ወረዱ። ለተቆጣጣሪዎቹ መግቢያው ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ይለጠፍ አሉ፣ በትልልቁ፣ አንዱ ፊደል አንድ ሙሉ ወረቀት፣ ጥቁርና ወፍራም። ፊደሎቹ አሥራ አንድ ናቸው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ «ቀለሙን ይጨርሰዋል» ብላ ጎኑን ጎሰመችው። እሱ ግን ኃላፊው ፊቱ ቆመው እንዴት አይቻልም ይበል። አሥራ አንዱ ፊደል እየጠቆረና እየረጠበ ወጣ። ሲለጠፍ በእርግጥ ያምራል አለችኝ ሴትዮዋ።

ወደ ዝውውሮቹ ሲመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሴትዮዋ ወንበሯን አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሃምሳ ስምንተኛዋን አስቀድማት። ማን ያያል?»

«ተራ ነው።»

«ሚስትህ ናት'ኮ።»

«ሦስተኛዋ ሴትዮ ስድስት ዓመት ነው የጠበቁት» አለ። «ከላይ ነው የምጀምረው። እንደርሳለን።»

አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ጀመረ። ሃያ ላይ ጽሑፉ መሳሳት ጀመረ። ሠላሳ ላይ ቀለሙን አውጥቶ እንደ ሕፃን እያወዛወዘ መልሶ ከተተው። ደግሞ ሠላሳ አምስት ላይ አወዛወዘው። አርባ አንደኛው በጭንቅ ይነበባል፣ አርባ ሁለተኛው ባዶ ወረቀት ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ምን ቢያደርጉት እምቢ አለ። የቀሩትን ሃያ ሁለቱን አንድ በአንድ እየከፈተ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። አሥር ሰዓት ሲሆን ኃላፊው መጡ፣ «ውጣ»ን አትንኩ የሚለውን ወረቀት አነሡ፣ «ፎቶ ሰነድ አይደለም፣ ያልደረሱት እንደ አዲስ ያመለክታሉ» አሉ፣ በገዛ ጣታቸው «ውጣ»ን ተጫኑ። እንደ አዲስ ማለት ቀናቸው ከዛሬ ይጀምራል ማለት ነው፤ አራት ዓመት የጠበቀም አንድ ቀን ያልጠበቀም እኩል ይሆናል።

አመሻሹ ላይ ቤት ሲገባ የአንድ ደንበኛዬን ኮት እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ፊቱን አይቼ አወቅሁ።

«አልወጣችም?»

«አርባ አንድ ላይ አለቀ።»

«ከታች ብትጀምርስ?»

«ከታች ብጀምር የላይኞቹ ይቀሩ ነበር።»

«የላይኞቹም ሚስቶችህ ናቸው እንዴ?»

የሚጢ ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፣ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ። ወረፋ የሚያከብር ሰው ጥሩ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ሰዓት ግን መቀሱን ብወረውርበት ደስ ባለኝ። ያቃጠለኝ ተራው አይደለም፤ ተራን አስከብሮ ቢሆን ኖሮ እህቴም ትደርስ ነበር። ያቃጠለኝ አሥራ አንዱ ፊደል ነው። ይህንኑ በፊቱ ነገርኩት፣ አንድም ቃል አላስቀረሁም።

ለእህቴ ራሱ ደወለላት። ሁሉንም ነገራት፣ ፊደሎቹንም አልደበቀም። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«አንተ ነህ ያተምከው?»

«አዎ።»

«እሺ። ሚጢን ስጠኝ።»

ተቆጣጣሪዎቹ በማግስቱ መጡና መግቢያው ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ኃላፊው የታተሙትን አርባ አንድ ቅጾች ፊታቸው ፈረሙ። ያ ቤት ከተቋቋመ ጀምሮ አርባ አንድ ዝውውር በአንድ ቀን ፈርሞ አያውቅም። ከዚያ እንግዳውን ኮምፒውተር አዩ፤ ጥርት ያለ ነው። አንድ ባለጉዳይ ከግድግዳው ተጠርቶ ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ፣ በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያው። «ምን ልጻፍ?» አለ። ስምህን አሉት። ስሙን ጻፈ፣ «ውጣ»ን ተጫነ፣ ስሙ ጠፋ፣ ተቆጣጣሪዎቹ አጨበጨቡ። ኃላፊው የምስጋና ደብዳቤ ደረሳቸው። እሳቸውም ውለታ የማይረሱ ሰው ናቸውና የእህቴን ባል ሜኑ ከስድስት ወደ ሰባት እንዲያድግ ወሰኑ። ሰባተኛው ምን እንደሚሆን ለጊዜው አልተወሰነም፤ ቢወሰንም የይለፍ ቃል ስለሌለ የሚጨምረው የለም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። እህቴ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወለች፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እኔም እየሰማሁ ነው።

«አዋላጇ ዛሬ ሄደች» አለች። አብራት አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖረዋን ማለቷ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ማሰሮ ላይ ሲያበስሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ስታስታምም የኖሩ ናቸው። «ዝውውሯ ደረሰላት። ቅጹን አሳየችኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ናት። ደስ ብሏት ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ።»

የእህቴ ባል «እሰይ» አለ።

«እሰይ አልክ?» አለች እህቴ። ድምፅዋ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ለአርባ አንድ ሰው ቤቱን ሰጠኸው። ጓደኛዬንም ወሰድክብኝ። አሁን ማታ ስገባ ሻማ የሚለኩስልኝ እንኳ የለም። እኔን ማን ያስበኝ? እስቲ አንተ ንገረኝ።»

እሱ አፉን ከፈተ። እኔ «ይቻላል» ይላል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። እንባው ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ አለ፣ ሚጢ በእጅጌዋ ጠረገችለት።

ሰኞ ጠዋት በእጁ የጻፈውን ወረቀት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ሥራ የሚለቅ ሰው የሚጠብቀው ተራ የለም።

«ትለቃለህ?» አሉት ኃላፊው። «ሜኑህ ባደገ በሁለት ሳምንቱ?»

«አዎ። ወደ ባለቤቴ ነው የምሄደው።»

«እዚያ ገጠር ውስጥ ምን ሥራ አለ?»

«ሁለት ኮምፒውተር አለ። አንዱ አይሠራም።»

ኃላፊው ወረቀቱን ወደ እሱ ገፉት። «ተው እንጂ። ሌላው ቢቀር የበጀት ዓመቱ እስኪዘጋ ቆይልኝ። አላስከፋህም፣ ይቻላል በለኝ።»

«አይቻልም» አለ።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ በሩ ክፍት ስለነበር ሰምታለች። ኃላፊው የተናገረው ሌላ ሰው መስሏቸው ወደ ኋላ ዞረው አዩ ብላ ነገረችኝ። ይህን የነገረችኝ ቀሚሷን ስለካላት ነው፣ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

በሳምንቱ ሚጢንና ሁለት ሻንጣ ይዞ ሄደ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚጢ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ትስቅ ነበር፣ እናቷ ዘንድ ነውና የምትሄደው ለምን ታልቅስ። እኔም ስቄ ተመለስኩ። መኪናዬን ከጥግ አውጥቼ መስኮቱ ሥር አደረግሁት። ጓደኛዬ «አሁን ነፃ ነሽ፣ ነይ አብረን እንሥራ» ትለኛለች፣ እሺ ብያታለሁ። ለአራት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ነገር ይኸው በእጄ ነው።

ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት፣ ያቋረጥኩትን ስፌት ትቼ እነሣለሁ። ጫማዬን አድርጌ፣ በሩን ቆልፌ፣ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው የማስታውሰው። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሻለሁ።